ባሪያውስ ምን ይላል?

ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ አገራችንን ያያት በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር መቅደላ የደረሰ የእንግሊዝ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። ኋላ ስሙን ያስጠሩት ግን ለወንዶች ልጆች የጻፋቸው ታሪካዊ ልብ ወለዶች ናቸው፤ ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር ከመቶ ያልፋሉ። ደፋር፣ እውነተኛና ለሰው አዛኝ የሆነ ጎረምሳ በአንድ ትልቅ ጦርነት መካከል ያልፋል፤ የሚያነበው ልጅም ታሪክና ምግባር አብሮ ይማራል። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች እነዚህን መጻሕፍት ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ያነሷቸው ለዚሁ ነው።

በመጻሕፍቱ ላይ የሚነሣው ክርክር የሚበረታው እ.ኤ.አ. በ1890 በወጣው «ከሊ ጋር በቨርጂኒያ» ላይ ነው። ቪንሰንት ዊንግፊልድ ባሪያ ያለው የባለ ርስት ቤተሰብ ልጅ ነው። የጎረቤት ልጅ አንድ ባሪያ አስሮ ሲገርፍ ይደርስና ገራፊውን በአለንጋ ይሸነቁጠዋል። ባሪያው ሲያመልጥ ይረዳዋል፤ ሚስቱ ለጨረታ ስትቀርብም ክፉ እጅ እንዳትገባ ገንዘብ አውጥቶ ያስገዛታል። እዚህ ላይ ልቤ ከልጁ ጋር ይሮጣል፣ አልክድም። ግን ያው ቪንሰንት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን በሕገ መንግሥቱ ላጸናው ለደቡቡ ወገን ይዘምታል። ደራሲውም በደግ ጌታ ሥር ያለ ባሪያ ከአውሮፓ የእርሻ ሠራተኛ ይበልጥ ደስተኛ ሳይሆን አይቀርም ይለናል። እንዲህ ሲሆን ነውሩ ሁሉ በክፉው ጎረቤት ላይ ይወድቅና ሰውን መግዛትና መሸጡ ራሱ ሳይነካ ያልፋል። የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ የወደደው ጀግና የተዋጋለትን ነገር አብሮ ይወዳል። የምፈራው ይህን ነው።

የእኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ጦቢያ» ሌላ መንገድ ይዟል። የክርስቲያኑ የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል፤ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገዝቶ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ ያን ባለውለታ ፍለጋ ሲወጣ በተራው ባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አንባቢው ባርነትን የሚያየው የሚወደው ልጅ ሲታሰር ነው፤ ርኅራኄም ከሰንሰለቱ ወዲህ ይጀምራል። «ጦቢያ» ግን የሸፈነብን አለ። በክርስቲያኑ ደጅም፣ ጾም በሚጾምበት ቤት፣ ባሪያ ነበረ፤ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ቤት ከባሪያው ወገን ሆኖ ለልጆች የሚተርክ መጽሐፍ እንዲጻፍልን አጥብቄ እመኛለሁ።

እስከዚያው ለልጄ ሁለቱንም አነብለታለሁ። ቪንሰንት ወደ ጦርነት ሲሄድ ግን መጽሐፉን አጥፌ፣ ጌታውን ተከትሎ የሚዘምተው ዳን ማታ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያስብ እጠይቀዋለሁ።