ጌሙ «አልጫንም» ሲል

የ2017 ዓ.ም. ገናን ያከበርኩት ላሊበላ፣ ወንድሜ ቤት ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ የ14 ዓመት ልጁ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ጌም አልጭን አለኝ» ሲል ሹክ አለኝ። ጓደኛው ከደሴ በፍላሽ ያመጣለት የእግር ኳስ ጌም ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲታገል ብዙ የስህተት መልእክት መጥቶበታል፤ ሁሉንም ሳያነብ «እሺ» እያለ ዘግቶታል።

የብዙዎቻችን ጥፋት ይኸው ነው። ሐኪም «የት ላይ ያምሃል?» ብሎ ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። የስህተት መልእክትም ማሽኑ ሕመሙን የሚናገርበት ቃል ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጥቼ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን።

መጀመሪያ ቀኑን አየሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ስለሚዛባ ልጁ በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞልቶታል። ዊንዶውስ የሚሠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ጌሙ የጎደለውን ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲሞክር የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ያልደረሰ» ይሆንበትና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ዓመቱን 2025 ብለን አስተካከልን። ቀኑ በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለችና መቀየር ነው።

ቀጥሎ ቦታ ነው። ታምቆ የመጣ ጌም ሲዘረገፍ መጠኑ ይጨምራል፤ በሚጫንበት ሰዓትም ለጊዜያዊ ፋይሎች ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ሐርድ ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ መንገድ ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ፍላሹ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ወንድሜ ቤት ሁሉም ነገር በፍላሽ መምጣቱ ተለምዷል። «ፋት 32» በተባለው ዘዴ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ግን 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኮፒው ሳያልቅ ከተነቀለ ደግሞ ፋይሉ ጎዶሎ ይሆናል። «ሲአርሲ» የሚል ስህተት ሲመጣ ፋይሉ መበላሸቱን ጠርጥሩ፤ መጠኑን ከዋናው ጋር እስከ ባይት ድረስ አመሳክሩ፤ መጀመሪያ ወደ ሐርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ከዚያ ጫኑ።

አራተኛው «ይህ የዲኤልኤል ፋይል የለም» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የጎደለው «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የተባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ነው። ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ በነጻ ይገኛል። ነጠላዋን ፋይል ከማይታወቅ ገጽ ማውረድ ግን ሌባን በራስ እጅ ቤት እንደማስገባት ነው።

አምስተኛው እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። ወንድሜ የኮምፒውተሩን ተጠቃሚ ስም በግዕዝ ፊደል ጽፎታል። አንዳንድ የቆዩ ጌሞች በፎልደር ስም ውስጥ ከላቲን ፊደል ሌላ ማንበብ አይችሉም። ስሙን መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም፤ መፍትሔው በላቲን ፊደል ሌላ አካውንት መክፈት ነው። ከፈትን።

የመጨረሻው መልእክት የአንቲቫይረሱ ነበር። ከጌሙ ጋር የመጣው ማስታወሻ «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ልጁ ዓይኑ እያበራ፣ «ጋሼ፣ ላጥፋው?» አለኝ።

እዚህ ላይ እንቢ አልኩ። አንቲቫይረስ አንዳንዴ በከንቱ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ነገር ግን ቁልፉ ተሰብሮ የተሰራጨ ጌም ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት የምናውቅበት መንገድ የለም። ወንድሜ አስጎብኚ ነው፤ የደንበኞቹ አድራሻ፣ የዓመታት ፎቶግራፍና ሒሳቡ ሁሉ ያለው እዚያችው ማሽን ላይ ነው፤ ቅጂ የለውም። ሌሎቹ መልእክቶች «ይህን አስተካክል» ይላሉ፤ ይህኛው ግን «ተው» ይላል።

ልጁ አኮረፈ። ያን ቀን የጫንነው ነገር የለም፤ የአባቱን ፋይሎች በሌላ ዲስክ ገልብጠን አስቀመጥን። አዲስ አበባ ስመለስ «ሱፐርተክስካርት» የተባለውን በነጻ የሚሰጥ የመኪና ውድድር ጌም ላኩለት። በማግስቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ኳስ እኮ አይደለም!» ብሎ ከወቀሰኝ በኋላ፣ «አንድ መልእክት መጥቷል፤ ላንብብልህ?» አለ። ቃል በቃል አነበበልኝ። ያኔ ጌሙ እንደሚጫን አወቅሁ።