ስለ ምሽት ግብዣና ስለ ምግብ ቤት አመራረጥ



በአገራችን ገንዘብ ከፍሎ ከቤት ውጭ መመገብ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከመኳንንቱ ጋር ተመግበው ሒሳብ በመክፈል ሕዝቡን እንዳለማመዱ ይነገራል። ዛሬ ነውሩ ቀርቷል፤ ይሁን እንጂ ለጋብቻ መታሰቢያ ወይም ለሹመት ደስታ ምግብ ቤት የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገሮችን ሊያመዛዝን ይገባዋል።

አንደኛ፥ የተጋባዡን ሥርዓት ማወቅ ነው። ጾመኛን በዓርብ ምሽት ሥጋ ብቻ ወደሚቀርብበት ቤት መጥራት ግብዣውን ቅጣት ያደርግበታል። እስላም እንግዳም ካለ፥ ሥጋው በሃይማኖቱ ሥርዓት የታረደ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

ሁለተኛ፥ ሒሳቡን አስቀድሞ ማስላት ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ በምግብ ዝርዝሩ ከተጻፈው ዋጋ በላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። 1,000 ብር የተባለው ማዕድ በአገልግሎቱ 1,100፥ ታክሱም በዚህ ላይ ሲታከል 1,265 ብር ይሆናል። ይህን ያላሰላ ደመወዝተኛ የወሩን አስቤዛ በአንድ ምሽት ያጠፋል።

ሦስተኛ፥ ከቀኑ በፊት በዚያው ሰዓት ሄዶ ቡና እየጠጡ ቤቱን መመልከት ነው። ጽዳቱ፥ የአስተናጋጆቹ ትሕትና፥ የሙዚቃውም ድምፅ ጨዋታ የሚያስደምጥ መሆን አለመሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለዋል። በሒሳቡ የሚጨነቅ ጋባዥ ፊቱ ሊፈካ አይችልምና፥ በአቅም መጋበዝ ለእንግዳውም ክብር ነው።