ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፦ የፊንጢጣ ፊስቱላና በካሜራ የሚደረገው የአንጀት ምርመራ

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ቡና ተፈልቶ የሚወራ አይደለም። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ እንኳ ደፍሮ የማይናገረው ሕመም ነው። መጀመሪያ በመቀመጫ አካባቢ እባጭ ይወጣል። ቀጥሎ ይፈነዳና መግል ያመጣል። ከዚያ በኋላ አንዴ እየደረቀ፣ አንዴ እየከፈተ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በእኛ ሰው ዘንድ በዚያ ቦታ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ኪንታሮት። ሰውየው ክሊኒክ ቢሄድም "ኪንታሮት አለብኝ" ይልና፣ ሳይታይ ቅባቱን ተቀብሎ ይመለሳል።

ኪንታሮት ማለት በፊንጢጣ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ ነው። ይደማል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይወጣል። መግል ግን አያመጣም። መግል እየወጣ ልብስ የሚያበላሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነውና ሐኪሙ ቦታውን በዓይኑ ማየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፊንጢጣ ፊስቱላ ነው።

"ፊስቱላ" ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒታል ነው። ያኛው ምጥ ሲረዝም በእናቶች ላይ የሚደርሰው፣ ሽንት የሚያፈሰው ነው። ይኼኛው ግን ከወሊድ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እንዲያውም ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያበዛል። ነውር የሠራ ሰው ነው የሚይዘው የሚለውም ወሬ ሐሰት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፊንጢጣ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ተደፍና ስትመረቅዝ ነው። መግሉ መውጫ ይፈልጋል፤ ሥጋውን እየቦረቦረ ወደ ቆዳ ይመጣል። እባጩ ከፈነዳ በኋላ በአንዳንዱ ሰው ይድናል፣ በአንዳንዱ ግን የተቦረቦረው መንገድ እንደ ዋሻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አንዱ አፉ በውስጥ፣ ሌላው በቆዳ ላይ ነው። ውጭው ቢደርቅ እንኳ ውስጡ ስላልተዘጋ መልሶ ይመግላል። በክኒን ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዋሻው በዚህ አይዘጋም።

ሕመሙ ደግሞ ድሃና ንጉሥ አይለይም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1686 በዚሁ በሽታ ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ተቀዷል። ሐኪሙ አስቀድሞ በድሆችና በእስረኞች ላይ ተለማምዶ ነበር ይባላል። ምን ይደረጋል፤ ድሃ ሁልጊዜ መለማመጃ ነው።

ታዲያ ቁስሉ በመቀመጫ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሙ ለምን አንጀትህ በካሜራ ይታይ ይላል? ብዙ ሰው ሪፈራሉን ትቶ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። "የታመምኩት ሌላ፣ የሚያዩት ሌላ" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ዋሻውን ለማየት አይደለም የሚገባው። የዋሻው አቅጣጫ የሚታወቀው ሐኪሙ በጣቱ ሲመረምር፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል በማደንዘዣ በቀጭን ዘንግ ሲፈልገው፣ ወይም ኤምአርአይ በሚባለው መሣሪያ ነው። ካሜራው የሚያየው አንጀቱ ራሱ ታሞ እንደሆነ ነው። ምክንያቱም በአንዳንዱ ሰው ፊስቱላው የተነሣው ከትንሿ ዕጢ ሳይሆን በሆድ ውስጥ ካለ በሽታ ነው።

ከእነዚህ አንዱ የክሮን በሽታ ነው። ኒው ዮርክ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1932 የገለጹት ሲሆን፣ አንጀትን የሚያቆስልና ዕድሜ ልክ የሚከተል ሕመም ነው። አንዳንድ ጊዜ ተቅማጡና የሆድ ቁርጠቱ ሳይጀምር ፊስቱላው ቀድሞ ይመጣል። ሌላው የአንጀት ቲቢ ነው። ቲቢ የሳንባ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ግን አንጀትንም ፊንጢጣንም ይይዛል። ተጨናንቀን በምንኖርበት ካምፕ ይህን መርሳት አይገባም። አልፎ አልፎ ደግሞ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ክሮንና ቲቢ በካሜራ ሲታዩ እንኳ በጣም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ከአንጀቱ ግድግዳ ጥቃቅን ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። ለክሮን የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ቲቢ ላለበት ሰው ከተሰጡ ቲቢው ይሰራጫል። ቢላዋውም እንዲሁ ነው። አንጀቱ በክሮን እየቆሰለ ፊስቱላው ቢቀደድ፣ ቁስሉ አልድን ሊል ይችላል፤ ሰገራን የሚይዘው ጡንቻ ከተጎዳም ሰውየው ዓይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቅተዋል። "ኪንታሮት እናወጣለን" እያሉ የሚቆርጡና በሚያቃጥል መድኃኒት የሚተኩሱ ሰዎችን የምንፈራቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ጡንቻው የቱ ጋ እንዳለ አያዩም።

ፊስቱላ ያለበት ሁሉ ግን ይህ ምርመራ አያስፈልገውም። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ሆዱ ደህና የሆነ፣ ያልከሳ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ኮሎኖስኮፒ ይታከማል። የሚያስፈልገው ፊስቱላው ታክሞ ለተመለሰበት፣ ቀዳዳው ለበዛበት፣ ተቅማጥ ለቆየበት፣ ሰገራው ደም ለቀላቀለበት፣ ያለ ምክንያት ለከሳ ወይም ማታ ማታ ለሚያተኩሰውና ለሚያልበው ነው። በቤተሰቡ የአንጀት ሕመም ያለበትም ይህንኑ ይናገር።

ምርመራው እንዴት ነው? መሣሪያው የጣት ውፍረት ያለው፣ ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት አልፎ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ያያል። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣልና ሸኝ ይዞ መሄድ ነው። ናሙናው ሲወሰድ አያምም፤ በኋላ ግን ሆድ በአየር ይነፋል። ቱቦው ለእያንዳንዱ ሰው ታጥቦ በፀረ ጀርም ኬሚካል ይጸዳል። አንጀት የመቀደድ አደጋ አለ፤ ግን ከሺህ ሰው በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ላላገቡ እህቶቻችን ደግሞ፦ ድንግልናን አይነካም። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እንድትገኝ መጠየቅ ይቻላል። አስተርጓሚውም ጎረቤት እንዳይሆን መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚህ በፊት በደረሰባችሁ ነገር ምክንያት እዚያ ቦታ መነካት የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ ለጤና ሠራተኛው ብቻችሁን ስትሆኑ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከባዱ ዝግጅቱ ነው፤ በካምፕ ደግሞ የባሰ ነው። አንጀቱ ባዶ ካልሆነ ካሜራው ምንም አያይም፣ ምርመራውም ይደገማል። ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ባቄላ፣ ምስር፣ በቆሎ፣ ተልባና ሰሊጥ ይቀራል። ራሽኑ በቆሎና ባቄላ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለምና ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና እንቁላል ከወዲሁ ይፈለግ። በዋዜማው ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም የተጠለለ ሾርባ ብቻ ነው። ከዚያም በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዳል። ሽንት ቤቱ የብዙ ቤተሰብ በሆነበት፣ በጨለማም በሚኬድበት ቦታ ይህን እንዴት ያደርጉታል? ዋዜማውን በሆስፒታሉ ወይም በእንግዳ ማረፊያው እንዲያድሩ ጠይቁ። ከካኩማ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን አውቶቡስ ላይ ጠጥቶ ቢሳፈር ምን እንደሚሆን መገመት ነው። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን ወይም የብረት ክኒን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን አስቀድሞ ይነገር። ጾም ላይ ያለ ሰው ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ስለ ሪፈራል ደግሞ ይህን እንወቅ። ዩኤን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት ወደ ከተማ የሚላከውን ሕመምተኛ የሚያየው ኮሚቴ የሕክምናውን ውጤትና ወጪ ይመዝናል። ፊስቱላ በአንድ ሌሊት ስለማይገድል ወረፋው ሊረዝም ይችላል። ወረቀቱን የሚያጠነክረው ለቅሶ ሳይሆን ማስረጃ ነው፦ እባጩ መቼ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ በቀን ስንት ጊዜ ያስቀምጣል፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ አለ ወይ። ክሊኒክ በሄዳችሁ ቁጥር ክብደታችሁ ካርዱ ላይ ይጻፍ። በስድስት ወር ውስጥ የቀነሰ ኪሎ ከብዙ ቃል ይበልጣል። እስከዚያው የደም ማነስ፣ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የሰገራ ምርመራ በአቅራቢያ ሊደረግ ይችላል፤ ውጤቱ አብሮ ይላክ።

ወረፋ የማይጠበቅበትም አለ። ቦታው በድንገት አብጦ ከቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ ሽንት መሽናት ካቃተ፣ በተለይ የስኳር በሽተኛ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ያን ጊዜ ካሜራም ኮሚቴም አይጠበቅም፤ መግሉ ተከፍቶ ይወጣል፣ ስለ ፊስቱላው የሚጠየቀው በኋላ ነው።