ግማሽ ኢንሱሊን ቁጠባ አይደለም

ትናንት ወደ ማታ አንድ አባት ከፈዲስ በኩል መጥተው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ)። ከፌስታል ውስጥ ትንሽ የሸክላ ገንቦ አወጡ። እርጥብ አሸዋ መሃል የልጃቸው ኢንሱሊን ተቀምጧል። ሰፈራቸው መብራት የለም። አያያዛቸው ፍሪጅ ካለው ከብዙ ሰው ይሻላል፣ እሱንም ነገርኳቸው። ብልቃጡ መቼ እንደተከፈተ ስጠይቅ ግን «ሁለት ወር ሊሆነው ነው ልጄ» አሉኝ።

ሂሳቡ አልመጣልኝም። ልጅቱ የታዘዘላት ጠዋት 20 ማታ 10 ዩኒት ነው። አንዱ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ስለሚይዝ ከ33 ቀን አያልፍም። «አባባ፣ ስንት ስንት ነው የሚወጓት?» አልኳቸው። መሬት መሬት አዩ። «ግማሽ ግማሽ እያልን ነው የምናዳርሰው።» ሰሞኑን ውኃ አትጠግብም፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ትነሳለች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታስመልሳለች። ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል እንዲያደርሷት ለምኜ ላክኋቸው። ጎረቤት መኪና ተገኝቶ ሌሊቱን ገባች። አሁን ፈሳሽም ኢንሱሊንም በደም ሥሯ እየተሰጣት ነው።

ስለዚህ በጥሞና አንብቡልኝ።

1. ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመርትም። ግማሽ ስትሰጡት ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙ ውስጥ አሲድ ይበዛል። ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

2. የተከፈተ ብልቃጥ የሚያገለግለው አራት ሳምንት ገደማ ነው። መጠኑን ቀንሳችሁ ሁለት ወር ስታደርሱት፣ በሁለተኛው ወር የምትወጉት ግማሹን መጠን ብቻ ሳይሆን የደከመ መድኃኒት ነው። አባትየው ያተረፉ የመሰላቸው ወር ልጅቱን ሁለት ጊዜ ጎድቷታል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

3. ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። ከምግብ ጋር ብሉ፣ ጠጡ፣ እኔ ጠብ የለኝም። በኢንሱሊን ምትክ ግን አንዳቸውም አይሆኑም። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» እያላችሁ በቴሌግራም ዱቄት የምትሸጡ ሰዎች፣ ኢንሱሊን አቁሙ ባላችሁ ቁጥር የሰው ልጅ እየገደላችሁ ነው። ይህን ስል አላጋነንኩም።

4. «የለም፣ ውጭ ግዙ»።

እዚህ ላይ ልቆይ። እኚህ አባት የጤና መድን አባል ናቸው። መዋጮውን በየዓመቱ ከፍለው ደብተራቸውን አሳድሰዋል። ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው አሳይተውኛል፣ ጠርዙ ከመታጠፍ ብዛት ነትቧል። ሦስት ወር ተከታታይ ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄደው ሦስቱንም ጊዜ የተሰጣቸው መልስ ይኸው ነው፤ የለም፣ ውጭ ግዙ። ለመጀመሪያው ብልቃጥ ፍየል ሸጡ። ለሁለተኛው የሚሸጥ አልነበረም፣ መጠኑን ቀነሱ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ሐሳቡ ገበሬው ሲታመም ከብቱን እንዳይሸጥ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዛሬም እከራከርለታለሁ። ግን ካርድና ምርመራው ተሸፍኖ መድኃኒቱ ከሌለ ምኑን ተሸፈነ? ስኳር ያለበት ሰው ወጪው መድኃኒቱ ነው! ተቋሙን ስትጠይቁ አቅራቢው አልላከም ይላል። አቅራቢውን ስትጠይቁ በወቅቱ አልተጠየቅንም ይላል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ እኛ የግል መድኃኒት ቤቶች ጋ ያለው የመድኃኒት ዋጋ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ እናንተ የጤና ተቋማት፣ በዚህ ዋጋ ሰውን ወደ እኛ ስትልኩት ምን ይዞ እንዲመጣ ነው? በወር ስንት ስኳር ታማሚ እንደሚመላለስ መዝገባችሁ ላይ አለ። ኢንሱሊን እንደ ወረርሽኝ ድንገት የሚያስፈልግ ነገር አይደለም፣ ፍላጎቱ ከወር ወር የታወቀ ነው። ሲጠፋ እንኳ የመድን ጽሕፈት ቤቱ ከአንድ ሁለት መድኃኒት ቤት ጋር ውል ገብቶ በደብተር እንዲወሰድ ማድረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1923 ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው፤ ማንም እንዳይነፈገው ብለው።

ሌላ ደግሞ፣ ተራ ቁጥሩን ተዉት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ወሊድም፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትም። ባለፈው አንዲት እናት «የቲቢ ሕክምና መክፈል ስላልቻልኩ» ብላ ስድስት ወር መውሰድ የነበረባትን በሁለት ወሯ አቋርጣ አገኘኋት። ማን እንደነገራት አላውቅም። ሂዱ፣ በነፃ ነው።

አንቲባዮቲክ አራት ፍሬ ብቻ ስጠኝ የምትሉኝም፣ ገንዘብ ካጠራችሁ እንደዚያው ንገሩኝ። ሐኪሙ ጋ ደውዬ በርካሹ የሚተካበት ጊዜ አለ። ዝም ብላችሁ አትቁረጡ።

የጁገል ልጆች፣ የአራተኛ፣ የሸዋ በር፣ የገጠሩም ሰዎች፤ አፎቻና እድር አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ቀን ስንት ብር እንደምናዋጣ እናውቃለን። በዚህ ሳምንት ስትሰበሰቡ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለባችሁ ለብቻው ጠርታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ስንት ዩኒት ታዘዘልህ? ስንት ነው እየወጋህ ያለኸው?