ማዝዳዬ ከተገጨች በኋላ የወሰንኩት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቀይ መብራት የጣሰ መኪና ማዝዳዬን በሾፌሩ በኩል፣ ከኋላ ጎማዋ ትንሽ ቀደም ብሎ መታት። እኔ ተርፌያለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፎቶዋን ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ታስጠግናታለህ ወይስ ትለቃታለህ?» ከጠያቂዎቹ መካከል የራሳቸው ሙስታንግ ወይም ሱባሩ ቢአርዜድ ተገጭቶ ጋራዥ ደጅ የቆመባቸው አሉ። ስለዚህ ገንዘቡንም፣ ሕጉንም፣ ብረቱንም በተመለከተ ያወቅሁትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው።

መኪናዋን ለማታውቋት፦ የ2017 ኤምኤክስ-5 ናት፤ እዚህ አሜሪካ ሚያታ የሚሏት። ዘሯ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለዓለም የቀረበ ነው። ሂሮሺማ ትሠራለች፣ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይከፈታል። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፤ ሞተሯ ከፊት ጎማዎቹ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ የተቀመጠውም ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እኩል እንዲካፈል ነው። ከእሷ የሚፈጥኑ መኪኖች ሞልተዋል። ሰው የሚወድላት ሚዛኗን ነው፤ መሪውን በትንሹ ስታዞሩት ወዲያው ትሰማለች፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል በመቀመጫው በኩል ትነግራችኋለች።

ውሳኔዬ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሥራ የምታመላልስ ካምሪ ከግጭት በኋላ ትንሽ ወደ ጎን ብትስብ አሁንም ሥራ ታደርሳለች። ስፖርት መኪና ግን የተገዛችው ለዚያች ትክክለኛነት ነው። እሷ ከሄደች ቀለሙ ቢያበራ፣ ሞተሩ ቢዘምር፣ የቀረችው ሌላ መኪና ናት። ስለዚህ «ለመጠገን ስንት ይፈጃል?» ከማለት በፊት «ስትጠገን ያቺው መኪና ትሆናለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የኢንሹራንሱን ነገር። ሜሪላንድ ውስጥ ጥገናው መኪናዋ ከግጭቱ በፊት ከነበራት ዋጋ 75 በመቶ ካለፈ ሳልቬጅ (ስብርባሪ) ትባላለች። 20,000 ዶላር ታወጣ የነበረች መኪና ለመንገድ ብቁ ለማድረግ ከ15,000 በላይ ከጠየቀች አበቃ ማለት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ወሰኑ 100 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የጥገናውን ወጪና የስብርባሪውን ዋጋ ደምራ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ታወዳድራለች። ይህን ልብ በሉ፤ እዚህ ቶታል (ከጥገና በላይ) የሚያሰኝ ጉዳት ሌላ ስቴት ውስጥ የባለቤትነት ወረቀቷን፣ ታይትሏን፣ ሳያቆሽሽ ሊያልፍ ይችላል። ያገለገለ ስፖርት መኪና ከሩቅ ስቴት የምትገዙ ወገኖቼ፣ ንጹሕ ታይትል አይታችሁ ብቻ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለሐበሾች በተለይ የሚያስፈልግ ይመስለኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በግጭቱ ላይ አንድ በመቶ እንኳ ጥፋት ከተገኘባችሁ ከገጪው ወገን ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። እኛ ደግሞ ሰው ሲደነግጥ ስናይ፣ ጥፋቱ የእኛ ባይሆንም፣ «ይቅርታ፣ እኔም አላየሁህም» እንላለን፤ ያደግንበት ጨዋነት ነው። ሰውየውን አጽናኑት፣ ውኃ ስጡት፣ አምቡላንስ ጥሩለት። ስለ አደጋው ግን ያያችሁትን ብቻ ለፖሊስ ተናገሩ። በተጨማሪም ሜሪላንድ አንድ አሽከርካሪ ለሰው ንብረት እንዲገባ የምታስገድደው ዝቅተኛው የኢንሹራንስ መጠን 15,000 ዶላር ነው። ስፖርት መኪና ከዚያ በላይ ስለምታወጣ የገጪው ኢንሹራንስ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የራሳችሁን የግጭት ሽፋን አስቀድማችሁ መያዛችሁ የሚጠቅመው ያኔ ነው። የባንክ ዕዳ ያለባችሁ ደግሞ በዕዳውና በመኪናዋ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነውን ጋፕ የሚባለውን ውል መያዝ አለመያዛችሁን ዛሬውኑ እዩ።

የኢንሹራንሱ የዋጋ ግምት ሪፖርት ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ መስመር በመስመር አንብቡት። የእኔዋ ክለብ የሚባለው ዓይነት ናት፤ ቢልስታይን ሾክ አብዞርበር እና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስገፋ ዲፍረንሻል አላት። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈችው ግን ተራዋ ዓይነት ሆና ነው። ለንጽጽር የቀረቡት መኪኖችም አውቶማቲክ ነበሩ። የፋብሪካውን የዋጋ ወረቀት፣ የጎማውንና የሰርቪሱን ደረሰኝ አያይዤ መለስኩላቸውና ግምቱ ከፍ አለ። ባይስማሙ ኖሮ በብዙ ውሎች ውስጥ ያለውን የገማች አንቀጽ እጠይቅ ነበር፤ እናንተ አንድ ገማች፣ እነሱ አንድ ገማች ታቀርባላችሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይመርጣሉ። ታክስና የስም ማዛወሪያው መካተቱንም አረጋግጡ። መኪናዋ በየቀኑ ኪራይ የሚቆጠርበት የቶው ግቢ ውስጥ ከሆነች ደግሞ ቶሎ አስወጧት።

አሁን ወደ ብረቱ። ጋራዥ ያላቸው፣ ጋሼ የምላቸው ሰው መኪናዋን ወደ ላይ ሰቅለው በባትሪ ዞሯት። የተጨራመተው ፓራፋንጎ ላይ ዓይናቸውን እንኳ አላሳረፉም። በቀጥታ የሄዱት ከበሩ ሥር ወዳለው፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ወደሚዘልቀው የጎን ብረት ነበር። በጣታቸው ዳሰሱትና «እዚህ ጋ ተሸብሽባለች» አሉኝ። ጣሪያ ያላት መኪና እንደተዘጋ ሣጥን ናት፤ ክዳኑን ብታነሱት ያው ሣጥን በእጅ ይጠመዘዛል። ጣሪያ የሌላት ሚያታም ጥንካሬዋን የምታገኘው ከወለሏ፣ ከመሀል መሿለኪያዋና ከእነዚያ ሁለት የጎን ብረቶች ነው። ሌላ መኪና ላይ ቀላል የሚመስል መሸብሸብ እዚህ ከባድ ነገር ነው።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አስለካናት። በፋብሪካው የልኬት ሰንጠረዥ ላይ ሻንሲው የት የት መለካት እንዳለበት ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በመሣሪያ ይነበባል። የእኔዋ የግራ ኋላ ማሰሪያ ነጥቦች በሚሊሜትር ደረጃ ሸሽተው ተገኙ። ለዓይን ምንም ነው፤ ለጎማ አቀማመጥ ግን ብዙ ነው። ጎማውን በማስተካከያው ጫፍ ድረስ ገፍቶ ቀጥ ያለች ማስመሰል ይቻላል፤ ብሬክ በያዛችሁበት ዝናባማ ኩርባ ላይ ግን ግራና ቀኟ ሁለት የተለያየ መኪና ይሆናሉ።

«ጎትቶ ማቃናት አይቻልም ወይ?» ላላችሁኝ፦ የድሮው ብረት ይቻል ነበር። የዛሬ መኪኖች ብዙ ቦታ ላይ ያለው እጅግ ጠንካራ ብረት ግን በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል። የሚሠራው ፋብሪካው ባዘዘው ቦታ ተቆርጦ፣ በአዲስ ተተክቶ፣ ባዘዘው ዓይነት ብየዳ ሲገጠም ብቻ ነው። ይህ ወግ አጥባቂነት አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ አንድ ጋራዥ በረዶ የቀጠቀጠውን የ2010 ሆንዳ ፊት ጣሪያ በብየዳ ፈንታ በማጣበቂያ ገጠመው። መኪናዋን ያንን ሳያውቁ የገዟት ባልና ሚስት በ2013 ሲገጩ መኪናዋ ልትጠብቃቸው አልቻለችም፤ ክፉኛ ተጎዱ። በ2017 የዳላስ ዳኞች ጋራዡ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱበት። ኤርባጉም እንደዚሁ ነው። በ2024 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት ተጋጭተው በተጠገኑ መኪኖች ውስጥ የተገጠሙ ርካሽ የኤርባግ መንፊያዎች ሰው መግደላቸውን አስታውቆ አስጠንቅቋል። ኤርባጓ የፈነዳ መኪና ስታስጠግኑ የመለዋወጫውን ደረሰኝ በእጃችሁ ያዙ፤ ቀበቶውን የሚያጠብቀውም ክፍል አብሮ መቀየር አለበት።

ሁሉም የተገጨ መኪና ይጣል ማለቴ እንዳይደለ ግን ይታወቅልኝ። ሚስተር ቢን በሚለው ስሙ የምናውቀው ሮዋን አትኪንሰን በነሐሴ 2011 ፒተርቦሮ አጠገብ ማክላረን ኤፍ1 መኪናውን ከዛፍ ጋር አጋጫት፤ እሳትም ነካት። ኢንሹራንሱ ለጥገና 910,000 ፓውንድ ከፈለ፤ በጊዜው በብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር። ማክላረን ራሱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ ሠራት፣ በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ መሸጧ ተዘገበ። ጥገናው ትርጉም የሰጠው የዚያ ዓይነት መኪና በጠቅላላው 106 ብቻ ስለተሠራ፣ የሠራው እጅም የፈጠራት እጅ ስለሆነ ነው። በ2023 ደግሞ ሞንተሬይ ላይ ተቃጥሎ የተጨማደደ፣ መኪና የማይመስል የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል በ1.875 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ገዢው የከፈለው ለሻንሲ ቁጥሩና ለታሪኩ ነው። የእኛ መኪኖች ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ዘመድ አላቸው፤ ልባችን ቢወዳቸውም ገበያው እንዲህ አያያቸውም።

ለእኔና ለእናንተ መስመሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጉዳቱ በብሎን የሚፈታ ነው ወይስ የተበየደ? የኤምኤክስ-5 ኮፈን፣ የሻንጣው ክዳንና የፊት ፓራፋንጎ አልሙኒየም ናቸው፤ ውድ ናቸው፤ ግን ተፈትተው በአዲስ ይተካሉ። መብራት፣ ራዲያተር፣ ፓራውልት፣ የጎማ ክንድ እንዲሁ። በእነዚህና በኤርባግ ዋጋ ብቻ ቶታል የተባለች፣ ሻንሲዋ ተለክቶ ቀጥ ያለ መኪና ካላችሁ፣ ስብርባሪ ዋጋዋን ከክፍያችሁ ላይ አስቀንሳችሁ መልሳችሁ ያዟትና በእውነተኛ መለዋወጫ አሠሯት። ሜሪላንድ ውስጥ የስቴቱ ፖሊስ ያያታል፣ የደኅንነት ምርመራም ታልፋለች፣ ታይትሏ ላይ ግን ምልክቱ ይቀራል። ስትሸጧት ዋጋዋ ይወርዳል፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶችም ሙሉ ሽፋን አይሰጧትም። ልትሸጧት ሳይሆን እስክታረጅ ልትነዷት ከሆነ ይህ ሁሉ ብዙም አይከብድም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ወዲህ ላካት፣ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር አለ እንዴ!» አለኝ። ሌሎች የጣሉትን መኪና በእጃቸው አቅንተው የሚያስነሱትን የአገሬን ላሜራ ሠራተኞች ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2024 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ከዚያም በፊት የ2020ው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ ከመኪናው ዋጋ በላይ ነበር። በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ የተለካ ጉድለቷን እያወቅሁ ወንድሜን አላስቀምጥባትም።

ስለዚህ አላስጠገንኳትም። ለኢንሹራንሱ አስረክቤ ሙሉውን ገንዘብ መውሰድ ይቀለኝ ነበር። ያኔ ግን ወደ ጨረታ ትሄዳለች፤ ቀለም ቀብቶ፣ ጎማዋን አስመስሎ፣ ለአንድ ወጣት የሚሸጣት ሰው እጅ ብትገባስ? ሻንሲዋ ላይ ዳግመኛ ሰው እንዳይቀመጥ ብዬ ስብርባሪ ዋጋዋ ከክፍያዬ ላይ ተቀንሶ አስቀረኋት። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ቦታ ሰጡኝ፤ እኔ የምኖርበት ሰፈር ማኅበር የማይንቀሳቀስ መኪና ደጅ ላይ ስለማይፈቅድ ያለ እሳቸው አይሆንልኝም ነበር። ሞተሯና ካምቢዮዋ ምንም አልሆኑም፤ የውድድር መኪና የሚሠራ ሰው ወሰዳቸው። ዲፍረንሻሉ፣ ሾኮቹ፣ የቀኝ በሯና ጣሪያዋ እያንዳንዳቸው ባለቤት አገኙ። ኤርባጎቹን አልሸጥኩም። ሻንሲዋ ለብረታ ብረት ቀላጮች ሄደ፣ መፍረሱን የሚያሳይ ወረቀት በፋይሌ ውስጥ አለ። በገንዘብ ካሰላነው አስረክቤ ከማገኘው ብዙም አልበለጠም፣ ድካሙም ቀላል አልነበረም፤ ደግሜም ቢሆን ይህንኑ አደርጋለሁ።

የእናንተዋ ልትሄድ ከሆነ ከመጫኗ በፊት ኢዚፓሱን (የመንገድ መክፈያውን) ከመስታወቱ ላይ አንሱ፣ የጋራዥ በር መክፈቻውን አውጡ፣ ስልካችሁንና የቤት አድራሻችሁን ከስክሪኑ ላይ አጥፉ። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሱን ከማቋረጣችሁ በፊት ታርጋውን ለስቴቱ የመኪና መሥሪያ ቤት፣ ለኤምቪኤ፣ መልሱ፤ ቀድማችሁ ካቋረጣችሁ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ቅጣቱ ይከብዳል።