የቤትን ግድግዳ በቀላሉ ስለ ማሳመር



በአገራችን ቤትን የማሳመር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ቀኖች ነው። ዘመን መለወጫ ደረሰ፤ እንግዳ ይመጣል፤ ግድግዳውም በምድጃ ጢስና በክረምት ርጥበት ጠቁሯል ተብሎ ኖራና ቀለም ይገዛል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ለሥራው ይነሣል። ነገር ግን በጳጉሜን የተቀባ ግድግዳ ኅዳር ሳያልቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ሲወርድ የታየበት ቤት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። ባለቤቱም ቀለሙን ይረግማል፤ ነጋዴውን ያማል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቀለሙም የነጋዴውም አይደለም፤ የወሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ርጥበት ሲስብ ይከርማል። ከላይ ጣራው ያፈሰሰው፣ ከውጭ ወጨፎ የመታው፣ ከሥርም ከመሬቱ የተሳበው ውሃ ሁሉ በጭዱና በአፈሩ መካከል ይቀመጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ይህ ውሃ በአንድ ቀን ፀሐይ አይወጣም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ግድግዳው በቀለም ሲሸፈን፣ ይልቁንም ቀለሙ የዘይት ቀለም ሲሆን፣ ውሃው መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣም ቀለሙን ከኋላው እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ቆይቶም ያላቅቀዋል።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ የባለሙያ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ ወስዶ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቆ ግድግዳው ላይ መለጠፍና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማቆየት ነው። ሲነሣ በግድግዳው በኩል የነበረው ፊቱ ጤዛ ይዞ ከተገኘ ግድግዳው ገና አልደረቀም። ፈተናው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቢደረግ ይሻላል፤ መጨረሻ የሚደርቀው የግርጌው ክፍል ነውና።

ታዲያ ለእንቁጣጣሽ ምን ይደረግ? የሸረሪት ድር ማውረድ፣ መስኮት መወልወል፣ መጋረጃ ማጠብ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ሰው የላላውን መወጠር፤ ለበዓሉ ይህና ቄጤማው ይበቃል። የቀለሙ ሥራ ለጥቅምት መጨረሻ ወይም ለኅዳር ቢቆይ አንድ ጊዜ የወጣው ገንዘብ ለዓመታት ያገለግላል። ለፋሲካ መቀባት የሚወድ ሰውም የበልግ ዝናብ በሚጥልበት አገር የሚኖር ከሆነ አስቀድሞ በጥር ቢጨርስ ይመረጣል።

ከቀለሙ በፊት ጣራው ይታይ። የቆርቆሮው ሚስማር የላላበት ቀዳዳ፣ በቅጠል የተዘጋ አሸንዳ፣ ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ሳይስተካከል ግድግዳ መቀባት ገንዘብን ከዝናብ ማስቀመጥ ነው። በቤቱ ዙሪያ ውሃውን አርቆ የሚወስድ ትንሽ ቦይ ከብዙ ጋሎን ቀለም የበለጠ ግድግዳን ያሳምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስንጥቅን መድፈን ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሚንቶ የጠነከረ ነውና ይሻላል ብሎ ያስባል። ጭቃ ግን ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሲሚንቶው እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁለቱ ጥቂት ዘመን አብረው ከኖሩ በኋላ ይለያያሉ፤ ሲሚንቶውም የጭቃውን ፊት ይዞ ይወድቃል። የጭቃ ስንጥቅ የሚደፈነው በጭቃ ነው። አፈሩን ነፍቶ ከደቀቀ የጤፍ ጭድ ጋር ማቡካት፣ ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ መተው፣ ስንጥቁንም በውሃ ካራሱ በኋላ ጠቅጥቆ መሙላት ያስፈልጋል። ሳይርስ የተሞላ ስንጥቅ ሲደርቅ በዚያው መስመር ላይ ይከፈታል።

ለጭቃ ቤት ከሁሉ የሚስማማው፣ ዋጋውም የማይከብደው ኖራ ነው። ኖራ ግድግዳውን እንደ ዘይት ቀለም አይዘጋውም፤ ርጥበቱ በእርሱ ውስጥ እያለፈ ይወጣል። በውሃ የተበጠበጠው ኖራ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየሳበ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ጥንካሬውም ከዚህ የተነሣ ነው። አቀባቡ ላይ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ኖራ ርጥብ ሳለ ግድግዳው ስለሚታይበት ቀቢው የሳሳ መስሎት ያወፍረዋል። የወፈረው ኖራ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ልብስ በነካው ቁጥርም ይራገፋል። ውፍረቱ እንደ ወተት ቢሆን ይበቃል። ግድግዳውን ውሃ እየረጩ ማራስ፣ አንድ ጊዜ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ሦስት ጊዜ ያህል መደጋገም፤ ንጣቱ በማግስቱ ይመጣል። ነገር ግን ኖራ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል፤ መነጽር ማድረግ፣ ልጆችን ማራቅ፣ ዓይን ውስጥ ከገባም በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

የብሎኬት ቤት ያላችሁና የፕላስቲክ ቀለም የምትገዙ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 40 ሜትር ካሬ ተኩል ይሆናል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 37 ያህል ይቀራል። በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ሜትር ካሬ ያህል ስለሚሸፍን፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 7 ሊትር ተኩል፣ ማለት ሁለት ጋሎን ይበቃል። ሻካራ ግድግዳ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። ከግርጌ አንድ ሜትር ያህል፣ ወንበርና ጀርባ የሚያሻሸው ክፍል ጠቆር ባለና በሚታጠብ ቀለም ቢቀባ የእመቤቲቱ ድካም በግማሽ ይቀንሳል።

የቆየ የዘይት ቀለም ያለበትን በርና መስኮት በብርጭቆ ወረቀት ስለ መፋቅ በብርቱ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ አሮጌ ቀለሞች፣ በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የሆኑት፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳውም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት በር ላይ የተቀባውን አያስለቅቀውም። ስለዚህ አሮጌው ቀለም ካልተላጠ ሳይነኩ በላዩ መቀባት፣ መፋቅ ግድ ከሆነ በውሃ እያራሱ መፋቅ ነው። በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም። ትቢያው በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሥራው እስኪያልቅና ቤቱ እስኪጸዳ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከዚያ ቤት ይራቁ።

ግድግዳው ካማረ በኋላ በሚስማር መብሳት ያሳዝናል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር የሚይዘው እንጨት ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጣት እያንኳኩ ድምፁ ከሚለወጥበት ቋሚ ላይ መምታት ይገባል። ከዚህ የሚሻለው ግን ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ አንድ ቀጭን ጣውላ ከቋሚ እስከ ቋሚ መትቶ ሥዕሉንም ፎቶግራፉንም ከእርሱ በክር ማንጠልጠል ነው። ለጌጥ የሚሆን ነገር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጀጎል የአደሬ ቤቶች ውስጥ በሴቶች እጅ የተሰፉ የስፌት ሥራዎች በነጭ ግድግዳ ላይ ተደርድረው መደቦቹ ቀይ ሆነው ሲታዩ፣ ከውጭ የመጣ የግድግዳ ወረቀት የሚያምራቸው ወገኖቻችን ምን እንደ ጐደላቸው ያስገርማል።

የመጋረጃ ዘንግ ሲሰቀል ከመስኮቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ይለፍ፤ መጋረጃው ሲከፈት ብርሃኑን ሳይሸፍን ግድግዳው ላይ ያርፋልና። ከሥራው የተረፈውንም ቀለም በትንሽ ዕቃ ገልብጦ በደንብ መክደን፣ በክዳኑም ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የተቀባውን ክፍልና ቀኑን መጻፍ ይገባል፤ በሚመጣው ዓመት አንድ ጥግ ሲቆሽሽ ክፍሉን በሙሉ እንደገና መቀባት አያስፈልግም።