በበርሜል ለሚተከል ሎሚ የአፈር አመራረጥ

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሱዳን ድንበር ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከዚያ ወዲያ ለወራት ደረቅ ነው፤ በበጋው መጨረሻም ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ቦታም ቢሆን ሎሚን በግማሽ በርሜል ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ተክሎ፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ወዳለበት እያዛወሩ ማሳደግ ይቻላል። ተክሉ መጽደቅ አለመጽደቁን በአመዛኙ የሚወስነው ግን ዕቃው ውስጥ የሚገባው አፈር ነው።

ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ የአንድ ወገን ዕፅዋት ሲሆኑ በጥቅሉ ሲትረስ ይባላሉ። መነሻቸው ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ፣ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በሰሜን ምያንማርና በደቡብ ምዕራብ ቻይና አካባቢ ነው። ብርድ ወዳለበት አውሮፓ ሲደርሱ ግን በዕቃ መትከል ግድ ሆነ። በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 ለብርቱካን ዛፎች ማስጠለያ የሚሆን ትልቅ አዳራሽ ተገንብቷል፤ ዛፎቹ በእንጨት ሣጥን ተተክለው ሙቀት ሲሆን ወደ ውጭ ይወጡ፣ ብርዱ ሲመጣ ይገቡ ነበር። በእንግሊዝ የጆን ኢነስ የአትክልት ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ 7 እጅ አፈር፣ 3 እጅ ፒት (ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ ብስባሽ) እና 2 እጅ አሸዋ ያለበት የድብልቅ ቀመር አወጣ።

ማሳ ላይ መልካም የሆነው አፈር ብቻውን ለዕቃ ለምን አይበቃም? ማሳው ጥልቅ ስለሆነ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። ዕቃ ግን አጭር ነው። ነገሩን ለማየት አንድ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በአግድም መያዝ ይበቃል። መንጠባጠቡን ሲያቆም ስፖንጁን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት እንደገና ውሃ ያወርዳል። ቁመቱ በጨመረ መጠን የሚለቀው ውሃም ይጨምራል ማለት ነው። በዕቃ ውስጥም እንዲሁ ከወለሉ በላይ ያለው አፈር ውሃ እንደጠገበ ይቀራል። ከሥር ጠጠር ማንጠፍም ይህን አያስቀርም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠሩ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ ስለማይወርድ፣ ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ ይሆንና ለሥሩ የቀረውን ቦታ ያጠብበታል።

መፍትሔው ያለው በራሱ በድብልቁ ቅንጣት መጠን ላይ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የአሸዋ ግን እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቅንጣቱ ሲደቅቅ በመካከሉ ያለው ክፍተት ጠብቦ ውሃን ይዞ ያስቀራል፤ ሲሻክር ውሃው ወርዶ በምትኩ አየር ይገባል። የሲትረስ ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውሃ ሲቋጥር ሥሩ ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ተህዋሲም በውሃው ውስጥ እየዋኘ ወደ ሥሩ ይደርሳል። ሸክላ የበዛበት መረሬ አፈር ለጤፍ የተመሰገነ ቢሆንም ለበርሜል ሎሚ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ለኩርሙክ ነዋሪ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ቅርቡ ነው። ለመነሻ 2 እጅ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ እና 1 እጅ ሽምብራ የሚያህል የከሰል ስብርባሪ ይቀላቀላል። አሸዋው ከወንዝ ከመጣ መታጠብ አለበት። በአካባቢው የሚኖሩት የበርታ ሕዝብ ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ ጭቃውን የሚለዩበት ዘዴ እዚህም ይሠራል፤ ውሃ ጨምሮ ማማሰል፣ ድፍርሱን መድፋት፣ ውሃው እስኪጠራ መደጋገም። ወርቅ በሜርኩሪ ከተለየበት ቦታ ግን አሸዋ አይወሰድም። ብስባሹን ከማንጎ ቅጠልና ከከብት ፍግ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የከሰሉ አመድ አፈሩን አልካሊ ስለሚያደርግ ከሰሉም ይታጠባል፤ ሲትረስ የሚወደው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ነው።

ሎሚው ከመተከሉ በፊት ድብልቁ ይፈተናል። 3 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ከሥሩ ይበሳና ቀዳዳው ይደፈናል። ረጠብ ያለ ድብልቅ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ከላይ እስኪታይ ድረስ ውሃ ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል። ከዚያ ቀዳዳው ተከፍቶ የሚወርደው ውሃ በሌላ ዕቃ ይጠራቀማል። ከ450 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ከወረደ ከድብልቁ ከ15 እስከ 20 በመቶው አየር ይይዛል፤ ይህም ለሎሚ ጥሩ ነው። ካነሰ ሻከር ያለ አሸዋ ወይም ከሰል ይጨመራል። በብዙ ከበለጠ በኩርሙክ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ብስባሽ ይጨመራል።

አፈሩ ውሃና አየር እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ የሚጠቅመው የታመመን ተክል ለመረዳትም ነው። ሥሩ የታፈነ ሎሚ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ተጠምቷል ብሎ ውሃ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈሩ ውስጥ ማስገባት ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ችግሩ ጥማት አይደለም። ክረምት ላይ ከሥሩ ያለው የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳይደፈን ዕቃውን በድንጋይ ላይ ከፍ ማድረግ፣ በጋ ላይ ደግሞ የአፈሩን ፊት በገለባ መሸፈን ይረዳል። ብስባሹ በጊዜ ብዛት እየደቀቀ አፈሩ ስለሚጠቀጠቅ ድብልቁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ማደስ፣ ሲያድሱም የጣሳውን ፈተና መድገም ያስፈልጋል።